ለ35 አካፍሉት፦ የታንክ ሞዴል ጥያቄዎቻችሁ

እንደምን ከረማችሁ። ባለፈው እትም ጎንደር አውቶፓርኮ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ስለምገጣጥመው ትንሽዬ ታንክ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር፣ ከዛ ወዲህ የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ ታንክ ሆነ፣ ስለ ዶሮ መኖና ስለ ዲሽ የጠየቃችሁ ይቅርታ፣ ወደሚቀጥለው ተላልፋችኋል። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ ነገሩ ኪት ይባላል፣ ካርቶን ውስጥ በፍሬም የተያያዘ የፕላስቲክ ክፍል ይመጣል፣ አንድ ባንድ እየቆረጥክ እያጣበቅክ ቀለም ቀብተህ እውነተኛውን ታንክ 35 ጊዜ አሳንሰህ ትሠራለህ። መጫወቻ አደለም፣ ልጅ ከጣለው አለቀ። አሁን ወደ ጥያቄው።

ወንድሜ ከዱባይ የቲ-55 (የሶቪየት ታንክ) ኪት አምጥቶልኝ ነበር፣ ማጣበቂያውን ግን ኤርፖርት ላይ ወሰዱበት። ፒያሳ ሱቅ ስጠይቅ ሱፐር ግሉ ሰጡኝ፣ ጓደኛዬ ደግሞ የጫማ ማስቲሽ ይይዝልሃል አለኝ። በምን ልሥራው? (የግቢ ተማሪ፣ ማራኪ)

ወንድምህ ላይ አትፍረድ፣ የሞዴል ማጣበቂያ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይጫንም፣ ስፕሬይ ቀለምም እንደዛው። ውጭ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ይሄን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ኪቱን፣ ምላጩን (ሻንጣ ውስጥ እንጅ በእጅ አደለም) እና ብሩሹን ያምጡ፣ ማጣበቂያው እዚሁ ይፈለግለታል።

ማስቲሹን እርሳው። ለጫማ ሶል የተሠራ ነገር ነው፣ ክር እየጎተተ ይመጣል፣ ስስ አድርገህ ቀባሁ ብትል እንኳ ግማሽ ሚሊ ይሆናል፣ ግማሽ ሚሊ ደግሞ በ35 ስታባዛው አንድ ሴንቲ ከሰባት ነው፣ በትልቁ ታንክ ላይ በሁለት ላሜራ መሀል የጣት ውፍረት ያለው ማስቲሽ ሲንጠለጠል አስበው። ይቺን የ35 ሒሳብ ያዛት፣ ዛሬ ብዙ ጊዜ እንመለስባታለን።

ሱፐር ግሉ ይሠራል፣ ግን ፕላስቲክን ከፕላስቲክ ጋር አያዋህድም፣ በላዩ ላይ ደርቆ ነው የሚይዘው፣ ከጎን ትንሽ ከተመታ ቀጭ ብሎ ይለቃል። ከዛ የባሰው ጭሱ ነው፣ ሲደርቅ የሚወጣው ትነት ብርጭቆ መሳይ ክፍል ላይ ነጭ አመዳይ ይጥላል፣ የፊት መብራት መስታወትህ ዓይኑ ሞራ የለበሰ ሽማግሌ ይመስላል። ለመብራቱ ነጭ ኮላ ተጠቀም፣ ሲደርቅ ጥርት ይላል። ሱፐር ግሉውን ለብረት ክፍሎችና ለጎማ መሳይ ሰንሰለት አስቀምጠው።

ትክክለኛው ማጣበቂያ ፕላስቲኩን የሚያቀልጥ ነው። ሁለቱ ጠርዞች ትንሽ ቀልጠው ይቀላቀሉና ሲደርቁ አንድ አካል ይሆናሉ። እዚህ ከተማ ቅርቡ አሴቶን ነው፣ ኮስሞቲክስ ቤት ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ብለው ይሸጡታል፣ ግን ጽሑፉን አንብብ፣ «ያለ አሴቶን» የሚለው አይታመንም፣ ዘይትና ሽቶ የተደባለቀበትም አይረባም። ያለቀ የጥፍር ቀለም ብልቃጥ ከእህትህ ለምነህ እጠብና አሴቶኑን እዛ ጨምር፣ ብሩሹ ከክዳኑ ጋር አለልህ። ሁለቱን ክፍል ግጥም አድርገህ ያዝ፣ ከዛ በብሩሹ ጫፍ መጋጠሚያውን ነካ ብቻ፣ ስንጥቁ ራሱ ይጠጣዋል። አትቀባ። ስትቀባ ነው የሚበላሸው። መጀመሪያ ደግሞ በፍሬሙ ቁራጭ ላይ ሞክረው።

ከፍሬሙ የሚተርፈውን ፕላስቲክም አትጣል። ፍርፍር አድርገህ በሌላ ብልቃጥ (የመስታወት ይሁን፣ ፕላስቲክ ከሆነ ታቹ ሊወርድ ይችላል) አሴቶን አፍስስበት፣ ሲያድር እንደ ማር ይሆናል፣ ክፍተት መሙያ ስቱኮህ እሱ ነው። ከኪቱ ጋር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት ስታሸው እኩል ይሄዳል። በላሜራ ቤት ስቱኮ ከሞላኸው ግን ፕላስቲኩ ቶሎ ይበላል ስቱኮው ይቀራል፣ ጉብታ ሆኖ ቁጭ ይላል።

አንድ ነገር፣ አሴቶን እሳት ይጠራል። ቡና እየተፈላ ከሰል አጠገብ ቁጭ ብለህ እንዳትሠራ።

ለምን 35? 30 ወይ 40 ቢሆን ሒሳቡ አይቀልም ነበር? (አንባቢ፣ ቀበሌ 18)

ይቀል ነበር። የጃፓኑ ታሚያ በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጀመሪያ የጀርመኑን ፓንተር ታንክ በሞተር የሚሄድ አድርጎ ሲያወጣ ባትሪው ሆዱ ውስጥ እንዲገባ ስፋቱን በባትሪው ልክ አደረገው፣ በኋላ ሲለካ 1 ለ35 ገደማ ሆኖ ተገኘ፣ ሌላው ኩባንያም ተከተለ። በቃ ይኸው ነው፣ ዓለም ሁሉ ባትሪ ባወጣው ሒሳብ ያካፍላል። 72 እና 48 የሚባሉም አሉ፣ 72 ለጀማሪ ዓይን ይፈጃል።

ታንኬን በጋራዥ ቀለም ቀባሁት፣ ሲደርቅ ፕላስቲኩ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጠቀ። ይድናል? (ልቡ የተሰበረ፣ አዘዞ)

አይዞህ ወንድሜ፣ ይቺን እኔም ቀምሻታለሁ። መጀመሪያ የሠራሁት ቲ-34 ነበር፣ ሁለት ወር ፈጀብኝ፣ ከዛ አንድ ጋራዥ (ስሙን አልጠራም፣ አሁንም መኪናዬን እዛ ነው የማሠራው) ቀለም ቀቢው «አምጣው በአምስት ደቂቃ እጨርስልሃለሁ» አለኝ፣ እውነትም በአምስት ደቂቃ ጨረሰው። ሲቀባው ያምር ነበር እኮ። እጄ ላይ ይዤው ስወጣ ግን መድፉ እንደ ሻማ ዘንበል ማለት ጀመረ፣ ቤት ስደርስ የፊቱ ላሜራ ላይ የነበረው ጥቃቅን ቅርጽ ሁሉ ጠፍቶ ቆዳው የተሸበሸበ ብርቱካን መስሏል። የመኪና ቲነር ለብረት ነው የተሠራው፣ ውስጡ ያለው ነገር ከአሴቶን ጋር ዘመድ ነው፣ ለማጣበቂያ ጠብታ ሲሆን የጠቀመን ነገር በሙሉ ገላው ላይ ሲረጭ ምን እንደሚያደርግ አስበው።

አሁን ያንተ መዳን አለመዳኑ የተሰነጠቀው የቱ ጋ ነው በሚለው ይወሰናል። ቱሬቱ ላይ ማለት መድፉን ተሸክሞ የሚዞረው ጭንቅላቱ ላይ ከሆነ እድለኛ ነህ፣ አትንካው። የቲ-54ና የቲ-55 ቱሬት ቀልጦ ወደ ቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፣ እውነተኛውን በእጅህ ብትዳስሰው ሻካራ ነው፣ እንደ ብረት ድስት ጀርባ። ሞዴል ሠሪዎች እኮ ያንን ሻካራነት ለማምጣት ብለው ፕላስቲኩን በማጣበቂያ ካለሰለሱ በኋላ በደረቅ ብሩሽ ነው የሚጠቀጥቁት፣ አንተ በነጻ አግኝተኸዋል፣ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አባብለውና ቀባው።

የታችኛው አካሉ ከሆነ ግን ውሸት አይቻልም፣ እሱ ጠፍጣፋ ላሜራ ተበይዶ የተሠራ ነው፣ መሸብሸብ የለበትም። ውሃ እያስነካህ መጀመሪያ በ400 ከዛ በ800 እሸው፣ ስንጥቁ ከጠለቀ ያንን እንደ ማር የሆነውን የፍሬም ስቱኮ ቀብተህ ሁለት ቀን ጠብቀህ እንደገና እሸው። የጠፋውን ብሎን ከሌላ ፍሬም ላይ በምላጭ ልጠህ በስቴኪኒ ጫፍ እያነሳህ ታስቀምጣለህ፣ አሰልቺ ነው፣ አልዋሽህም።

ለወደፊቱ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ተጠቀም። የጋራዥ ቀለም የግድ ከሆነብህ ከሩቅ፣ እንደ ጉም፣ ገና ሳይርስ የሚደርቅ እያደረግህ አምስት ስድስት ጊዜ እየደረብክ ነው፣ እሱንም መጀመሪያ ፍሬም ላይ።

ልጄ 12 ዓመቱ ነው፣ አጎቱ የታንክ ኪት ላከለትና ክፍሉን ዘግቶ ይውላል፣ የማጣበቂያው ሽታ ቤቱን ሞላው። ይጎዳዋል ወይ? ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ታንክ በቤቴ ማየት አልፈልግም፣ ያየነው በቂ ነው። (እናት፣ ሳሙና በር)

እናቴ፣ ከሽታው ልጀምርልዎ፣ እሱ ይቀላል። አዎ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰዓታት ሲተነፍሱት ራስ ያዞራል፣ ያማል። በሩን እንዳይዘጋ ያድርጉ፣ ጠረጴዛውን መስኮት ስር ያስጠጉለት፣ ብልቃጡ በተነካ ቁጥር ክዳኑ ይመለስ። አፍ መሸፈኛ ጨርቅ ለብናኝ እንጅ ለሽታ አይረዳም፣ አየር ነው የሚረዳው። ፕላስቲክ ሲያሽ ወረቀቱን ውሃ ያስነካው፣ ብናኙ አይነሳም። ምላጩን ወደራሱ ሳይሆን ወደ ውጭ እንዲገፋ፣ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን አብረውት ቁጭ ብለው ይዩት። ሱፐር ግሉ ጣቱን ካጣበቀው አይጎትቱ፣ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ይንከሩትና ቀስ ብሎ ይላቀቃል።

ሁለተኛው ከባድ ነው። እኛ እዚህ ታንክን በፊልም ብቻ ያየን ሰዎች አደለንም፣ ድምፁን የምናውቅ ነን፣ እና እርስዎ አልፈልግም ካሉ አልፈልግም ነው፣ ልጁን ለማስደሰት ብለው ልብዎን አያስጨንቁ። እኔ ቤት ራሱ ባለቤቴ ሳሎን ውስጥ እንዳይቀመጥ ብላ ደንብ አውጥታለች፣ ታንኮቼ የጫማ ሳጥን ውስጥ ነው የሚያድሩት፣ አልተጣላንም። ብቻ ከመወሰንዎ በፊት ልጁን ምኑን እንደወደደው ይጠይቁት። ብዙዎቹ ልጆች የሚወዱት መግጠሙን ነው፣ ትንሿ ክፍል ቦታዋ ስትገባ ጠቅ የምትለውን። እንዲያ ከሆነ አጎቱ በሚቀጥለው መኪና፣ መርከብ፣ አምቡላንስ ይላክለት፣ ሁሉም አለ፣ ሥራው አንድ ነው። ወይ ደግሞ ካርቶንና ጀሶ ይስጡትና የፋሲልን ግንብ ይሥራ፣ እሱን ሳሎን ያስቀምጡታል።

ጥር ላይ ኤርብራሽ (በአየር ግፊት ቀለም የሚረጨውን) አገኘሁ፣ ቀለሙ አፉ ላይ እየደረቀ ይዘጋብኛል፣ ሲሳካልኝ ደግሞ መብራት ይጠፋል። ምን ይሻላል? (ጨጨላ)

ጥር ነዋ! እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፣ በጋ ላይ አየሩ ደረቅ ነው፣ ከንፈር የሚሰነጥቅ አየር ቀለምማ ምን ያድርግ። ቀለሙን እንደ ወተት አቅጥነው፣ ከዛ ከፋርማሲ ግሊሰሪን ገዝተህ በስቴኪኒ ጫፍ ጠብ አድርግበት፣ መድረቁን ያዘገየዋል። ጠብ ነው ያልኩህ፣ ስታበዛው በሳምንቱም አይደርቅ፣ ጣትህ ይታተምበታል። በየአምስት ደቂቃው የመርፌውን ጫፍ በእርጥብ ጥጥ ጠረግ አድርግ። ግፊቱ ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ ይበቃል፣ ርቀቱ አንድ ጣት ርዝመት። ከራቅክ ቀለሙ መንገድ ላይ ደርቆ ዱቄት ሆኖ ያርፋል፣ ስትዳስሰው ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ክረምት ላይ ተቃራኒው ነው፣ ከሐምሌ ዝናብ ጋር አንድ ቅብ አድሮም ይለጥፋል፣ እኔ ያኔ ቀለም አልነካም፣ ገጥሜ ገጥሜ መስከረምን እጠብቃለሁ።

የመብራቱን ነገር ጎሚስታ ፈታልኝ። አሮጌ የመኪና ጎማ ከነቸርኬው ይዘህ ሂድ፣ 30 ፒኤስአይ ገደማ ያስሞላህ፣ የኤርብራሹን ቱቦ ከጎማው አፍ ጋር የሚያገናኝ ማያያዣ ይሸጣል፣ በቃ ኮምፕሬሰርህ እሱ ነው። ድምፅ የለው፣ ቆጣሪ የለው፣ ሕፃን አያስነሳ። እየረጨህ ስትሄድ ግፊቱ ይወርዳል፣ ያኔ በእግር ፓምፕ ታነሳዋለህ። ከነቸርኬው ያልኩት በምክንያት ነው፣ ካላማዳሪውን ብቻውን እንዳትሞላ፣ ጎማ ካልያዘው ያብጥና ይፈነዳል። የኔ ጎሚስታ መጀመሪያ ቀን «መኪናህ የታለ?» አለኝ፣ አሁን በየቅዳሜው ሲያየኝ «ታንኩ እንዴት ነው?» ነው የሚለኝ።

አያቴ «ጣልያን ያመጣው ታንክ በሬ ያክላል» ይሉ ነበር፣ ሰው ሲስቅባቸው አስታውሳለሁ። እሱን ታንክ በሞዴል መሥራት እፈልጋለሁ፣ ኪት አለው? (የታሪክ ተማሪ)

አያትህ አልዋሹም። ሲቪ-33 እና ሲቪ-35 የሚባለው ነው፣ በኋላ ኤል-3 የተባለው። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ17 ገደማ፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ40፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ30 አይሞላም። አንድ የሀገራችን በሬ ጎኑ ብታቆም ሻኛው እኩል ነው የሚመጣው። ክብደቱ 3 ቶን ከምናምን፣ ውስጡ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ታጭቀው ይቀመጣሉ፣ ብረቱ ወፍራም ነው የሚባለው ጋ 14 ሚሊ ገደማ። በ35 ስታካፍለው መዳፍህ ላይ ይቀመጣል፣ 9 ሴንቲ። 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው ደግሞ በዚህ ልኬት ልክ 5 ሴንቲ ነው፣ ታንኩ 3 ሴንቲ ከ7፣ ጎኑ ብታቆመው ሰውየው ታንኩን ከላይ ነው የሚያየው። እኔ ሠርቼ አጠገቡ ሰው ሳቆም ነው ነገሩ የገባኝ፣ መጽሐፍ ላይ «ታንክ» ሲባል ሌላ ነገር ነበር የምስለው።

ስትሠራው ልብ በለው፣ ቱሬት የለውም። መትረየሶቹ የፊት ግድግዳው ላይ ናቸው፣ ግራና ቀኝ ትንሽ ብቻ ነው የሚዞሩት፣ ጎኑንና ጀርባውን አያይም። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ ሲገጥማቸው እነዚህ ታንኮች የወደቁት በዚህ ነው፣ ገደል በያዘው ጠባብ መንገድ ላይ መዞር አቅቷቸው ሰው በጎንና በኋላ ደረሰባቸው። ሞዴሉን ብቻውን መሠረት ላይ ከምታስቀምጠው ድንጋይና ዳገት ብትሠራለት ነገሩን ያለ ጽሑፍ ይናገራል።

ኪቱን ብሮንኮ የሚባለው ያወጣዋል፣ 1 ለ35፣ ጥሩ ነው ግን ክፍሎቹ ቅንጣት ናቸው፣ የመጀመሪያ ሥራህ አይሁን። ነጭ አንሶላ አንጥፈህ ሥራ፣ የወደቀችውን ክፍል ወለል ላይ አታገኛትም።

ጎንደርንም ጨምርበት ካልክ፣ ጣልያን በምሥራቅ አፍሪካ መጨረሻ የለቀቀው እዚህ ነው፣ የጣልያን ምሽግ የነበረው ቁልቋልበር በኅዳር ሚካኤል ኅዳር 12 ቀን 1934 ወደቀ፣ የጣልያኑ አዛዥ ጄኔራል ናሲ በ18 እጅ ሰጠ። ያኔ ከአርበኞቹና ከእንግሊዝ ጦር ጋር የኬንያ ብረት ለበስ መኪኖችም ነበሩ፣ ማለት ለሞዴል የሚሆን ብዙ ነገር አለ። የኔ ሰፈር ስሙ ራሱ ከጣልያንኛ ነው፣ የመኪና ማቆሚያ ግቢ ማለት ነው፣ እዛ ተቀምጦ የጣልያን ታንክ መግጠም ትንሽ ይገርማል።

ታንከኛ ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ነኝ። የልጅ ልጄ ቲ-55 ሠራና በዝገት በዝገት አደረገው። «እኛ እያለን እንዲህ አልነበረም» ስለው «አባባ ኢንተርኔት ላይ ያለው እንዲህ ነው» ይለኛል። ማናችን ነን ልክ? ደግሞ እኔ የነዳሁት 54 ይመስለኛል፣ በምን ይለያል? (ከልደታ)

አባባ፣ ልክ አንቱ ነዎት፣ ለልጁ ይሄን ገጽ ያሳዩት።

መጀመሪያ መለያውን። የቱሬቱ ጣራ ላይ በስተቀኝ ከፊት፣ ከጫኙ ጎን፣ የተደፋ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ የአየር ማስወጫ ጉብ ብሎ ከነበረ 54 ነው፣ 55 ላይ ያ የለም። ከሩቅ ለማየት ደግሞ ጎማውን፣ ሁለቱም በየጎኑ አምስት አምስት ናቸው፣ አንደኛውና ሁለተኛው መሀል ሰፊ ክፍተት አለ። ክፍተቱ ከኋላ በኩል ከሆነ እሱ 62 ነው፣ መድፉም 115 ሚሊ፣ የናንተው 100።

ወደ ዝገቱ ልምጣ። የሚሠራ ታንክ አይዝግም ማለት ይቻላል፣ ወታደሩ ይጠርገዋል፣ ግሪስ አለ፣ ቀለም አለ። ሰንሰለቱ መሬት የሚነካበት ጥርስ ተፍቆ እንደ ማንኪያ ያበራል፣ ጎማው የሚሄድበት መስመርም ያበራል፣ የቀረው አቧራ የለበሰ ጥቁር ቡኒ ነው። ብርቱካን ዝገት የምታየው ተቃጥሎ መንገድ ዳር የቀረው ላይ ነው፣ ያ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፣ የጎማዎቹ ላስቲክ ነድዶ ያልቅና ቸርኬው ብቻ ይቀራል፣ እንደ ባሌስትራ የሚያገለግለው ማስታገሻ ብረቱም በእሳቱ ልሞ ታንኩ መሬት ላይ ቁጭ ይላል። ልጁ እሱን ሊሠራ ከፈለገ ላስቲኩን ይላጠው፣ ዝቅ ያድርገው። ግማሹ አዲስ ግማሹ የተቃጠለ ታንክ ግን የለም። ኢንተርኔቱ ያሳሳተው ለፎቶ እንዲያምር ብለው ስለሚያጋንኑት ነው፣ እኔም ሦስት ዓመት እንዲያ ስሠራ ኖሬያለሁ።

ጥላሸት ከፈለገ ቦታ አለው፣ ጭስ ማውጫው በግራ በኩል ጭቃ መከላከያው ላይ ነው፣ እዛ ብቻ ያጥቁረው። ቀለም የተላጠ ለማስመሰል ደግሞ እስፖንጅ ቁራጭ ጥቁር ቡኒ ነክሮ ወረቀት ላይ አራግፎ፣ ታንከኛ የሚረግጥበት ቦታ ላይ ነካ ነካ። የት እንደሚረገጥ ከአንቱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ጣትዎን አስቀምጠው ያሳዩት።

ከዝገት ይልቅ አቧራ። ልጁ ከደጅ አፈር ዘግኖ እንዳይበትንበት፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት አንድ ሚሊ ብትሆን በ35 ሦስት ሴንቲ ተኩል ድንጋይ ናት፣ ታንኩ ላይ ኮረት የዘነበበት ይመስላል። የደንቢያ ዋልካ ይፈልግ፣ በብርጭቆ ውሃ ይበጥብጠው፣ ሁለት ደቂቃ ይተወው፣ አሸዋው ታች ይቀመጣል፣ ድፍርሱን ውሃ ብቻ ወደ ሌላ ሳህን ይገልብጥና ፀሐይ ላይ ያድርቀው። የሚቀረው ዱቄት ጣት ላይ አይታወቅም፣ ምጣድ ላይ ትንሽ ቢያምሰው ሻጋታም አያመጣ። ሲደርቅ ግራጫ ነው፣ በጋ ላይ ያለ መንገድ ነው በቃ። ወለቃ ካሉት ሸክላ ሠሪዎች ቀይ ጭቃ ትንሽ ቢለምንና እንደዛው ቢያደርገው ሁለት ቀለም አለው። በለስላሳ ብሩሽ ታች ታቹን ይነስንሰው፣ በነጭ ላምባ ጠብታ ይያዝለታል፣ ማጣበቂያ አይጨምር።

አሁን እኔ ልጠይቅዎ። የምሠራው ቲ-55 አልቋል፣ ኋላው ላይ ሁለት የናፍጣ በርሜል፣ ግንድ፣ ብርድ ልብስ ጥቅል አድርጌበታለሁ፣ ግን ሰው የኖረበት አልመስል አለኝ። ያኔ ቡና የት ላይ ነበር የምታፈሉት፣ ሞተሩ ክዳን ላይ ነው ወይስ ወርዳችሁ? ጀበናውስ ሲነሳ የት ይታሰር ነበር? አንድ ጀበና 25 ሴንቲ ብንለው በ35 ሰባት ሚሊ ነው የሚሆን፣ ከፍሬም ቁራጭ ቀርጬዋለሁ፣ አንገቱ ሁለቴ ተሰብሮብኝ ሦስተኛው ተሳካ፣ ቦታውን እርስዎ እስኪነግሩኝ ክብሪት ሳጥን ውስጥ ነው ያለው።